በሐውልቱ ሥር የቆመው ትንሹ ሰው

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥዕል ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ግድግዳው ላይ የምታዩት ሥዕል ንግግሬን እስክጨርስ ድረስ አይነሳም። ሌሎችን ከጎኑ አሳያችኋለሁ፤ እሱ ግን እዚያው ይቆያል። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ የሣለው፣ በ1809 ለንደን ውስጥ የታተመ የአክሱም ሐውልት ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሐውልቱ ዓይን ይስባል፤ ዛፉም እንዲሁ። ለጊዜው ሁለቱንም ተዉአቸውና ዝቅ ብላችሁ ከሥር ያሉትን ሰዎች ፈልጉ። ቢበዛ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ። ማን እንደሆኑ ከፊታቸው ማወቅ አይቻልም። ሠዓሊው እዚያ ያቆማቸው ለንደን ያለ ሰው የድንጋዩን ቁመት እንዲረዳ ነው። መለኪያ ናቸው። እኔም ለብዙ ዓመት ሳስተምር ይህን ሥዕል የማሳየው ለሐውልቱ ስል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛውንም የመንገደኛ ሠዓሊ ሥራ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ትንሹን ሰው ሆኗል። የዛሬው ወሬዬም ስለ እሱ ነው።

የቅኔ ተማሪ የመምህሩን መምህር እየጠራ ወደ ላይ ይቆጥራል። ሥዕልም እንዲህ ያለ ሐረግ አለው። ሶልት በልጅነቱ የተማረው ከጆሴፍ ፋሪንግተን ነው። ፋሪንግተን የሪቻርድ ዊልሰን ደቀ መዝሙር ነበር። ዊልሰን ደግሞ ጣሊያን ወርዶ ዓመታት የተቀመጠ፣ ዓይኑን በክሎድ ሎሬን ሥዕሎች ያሠለጠነ ሰው ነው። ክሎድ በ1682 ሮም ውስጥ ያረፈ ሠዓሊ ሲሆን፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ሲስል የሚከተለው አደራደር ነበረው፤ በአንድ ጎን ጠቆር ያለ ትልቅ ዛፍ፣ መካከል ላይ ውሃ ወይም የፈረሰ ቤተ መቅደስ፣ ከኋላ እየሳሳ ሄዶ ከሰማይ ጋር የሚዋሃድ ተራራ፣ ብርሃኑ የማለዳ ወይም የምሽት፣ ግርጌው ላይ አንድ ሁለት እረኞች። የእንግሊዝ ባለጸጎች ይህን ዓይነት ሥዕል እየገዙ ቤታቸውን ሞሉት። ልጆቻቸው ያንን እያዩ አደጉ። ቆንጆ አገር ማለት እንዲህ ያለ ነው ብለው አመኑ።

እምነቱ ምን ያህል ጠልቆ እንደነበር ለማሳየት አንድ ዕቃ ልጥቀስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አገር ጎብኚዎች በኪሳቸው የሚይዟት፣ በሠዓሊው ስም የክሎድ መስታወት የምትባል ትንሽ ጠቆር ያለች መስታወት ነበረች። መሃሏ ወጣ ያለ ስለሆነ ሰፊውን መስክ አሳንሳ፣ ቀለሙን አደብዝዛ፣ ልክ እንደ ክሎድ ሥዕል አድርጋ ታሳያለች። ለመጠቀም ግን ለአገሩ ጀርባ መስጠት ያስፈልጋል። ጎብኚው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ከተራራው ፊት ይደርስና ዞር ብሎ፣ ተራራውን በትከሻው አሳልፎ በመዳፉ ውስጥ ያየዋል። ተማሪዎቼ፣ ከዛሬ ንግግሬ ሌላው ቢጠፋባችሁ ይህች መስታወት አትጥፋባችሁ።

የዚህ አስተያየት ዋና ሰባኪ ዊልያም ጊልፒን የተባለ ቄስ ነበር። በ1770 በዋይ ወንዝ ላይ ተጉዞ በ1782 ያየውን አሳተመ። የቲንተርንን የፈረሰ ገዳም አይቶ የግድግዳው ጫፍ ቅርጹ ስላላማረው፣ ማስተዋል ያለው ሰው በመዶሻ ጥቂት ቢነካካው ይሻል ነበር ብሎ ጻፈ። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ቦታ ነው። እዚያው ፍርስራሽ ውስጥ ድሆች ይኖሩ ነበር። እግሯ የማይታዘዝላት አንዲት ምስኪን ሴት የመነኮሳቱን ቤተ መጻሕፍት ላሳያችሁ ብላ እየተጎተተች ትመራቸዋለች፤ ስትደርስ የምታሳያቸው የምትኖርበትን እርጥበት የበላው ጎጆ ነው። ጊልፒን ይህን አልደበቀም፤ በጽሑፉ አስፍሮታል። ከሥዕሉ ውስጥ ግን እሷ የለችም። ከሥዕሉ ውስጥ የሚገባው ከሩቅ የሚታይ፣ ፊት የሌለው ሰው ነው።

ይህ ዓይን በመርከብ ተሳፈረ። የዊልሰን ሌላው ተማሪ ዊልያም ሆጅስ ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ከካፒቴን ኩክ ጋር ከ1772 እስከ 1775 ደቡብ ባሕሮችን ዞረ። ተመልሶ የሣለው የታሂቲ ደሴት ወርቃማ ጭጋግ የለበሰ ነው፤ ተራራው ሹል፣ ውሃው የረጋ፣ ሴቶች ይታጠባሉ። ዳር ላይ ደግሞ የተገነዘ አስከሬን ያረፈበት ማማ ቆሟል። ገነትም ሞትም በአንድ ሸራ። ከዚያ ወደ ሕንድ ሄደ፤ ከሱ ቀጥሎም ቶማስ ዳንኤልና የወንድሙ ልጅ ዊልያም በ1786 ካልካታ ደርሰው ሰባት ዓመት ያህል ሕንድን አዳረሱ። በሳጥን ውስጥ ምስል የምትጥል የጨለማ ካሜራ ይዘው ስለነበር የሕንፃዎቹ መስመር በጣም የታመነ ነው። ከ1795 እስከ 1808 ድረስ 144 ሥዕሎች አሳተሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። አንድ የፈረንሳይ ፋብሪካ በ1807 ከነዚያ ሥዕሎች ሕንፃ በሕንፃ እየለቀመ፣ አብረው ቆመው የማያውቁትን በአንድ አድማስ ላይ ደርድሮ የግድግዳ ወረቀት አደረጋቸው። የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች በሰሃን ላይ ገለበጧቸው። ቶማስ ዳንኤል ራሱ አማክሮበት በእንግሊዝ ገጠር ጉልላቱ እንደ ሕንድ ሙጋል ነገሥታት ሕንፃ የሆነ መኖሪያ ቤት ተሠራ፤ ቀጥሎም በብራይተን የልዑሉ ቤተ መንግሥት ጉልላት አወጣ። ካልካታን ረግጦ የማያውቅ ቤተሰብ ሕንድን ሾርባ እየጠጣባት፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦባት አደገ። አገር ሩቅ ላለ ሰው የሚሠራለት በዚህ መንገድ ነው። መጽሐፍ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ሰሃን የማያይ ግን የለም።

አሁን ወደ ግድግዳችን ሥዕል እንመለስ። ሶልት ቫይካውንት ቫሌንሺያ የተባለውን መስፍን በጸሐፊነትና በሠዓሊነት ተከትሎ በ1802 ከእንግሊዝ ወጣ። በ1805 ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ትግራይ ወጣና እንጣሎ ላይ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተገናኘ፤ አክሱምም ደረሰ። በዚያ የሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ ፊደል በፊደል ገልብጧል፤ በ1810 ሲመለስም እንደገና አመሳክሯል። ከሱ በፊት የመጣውን የጄምስ ብሩስን የሐውልት ሥዕል ትክክል አይደለም ብሎ ነቅፏል። ሰውየው ለእውነት ግድ ነበረው። ይህን የምለው በጥቁርና ነጭ እንዳትፈርዱበት ነው።

ነገር ግን አክሱም የተነደፈው ንድፍ ለንደን ሲደርስ ከእጁ ወጣ። የዚያን ጊዜው አሠራር አኳቲንት ይባላል። የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስና በሙቀት ይጣበቃል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ በዱቄቱ መካከል ያለውን መዳብ ይበላዋል፤ ብዙ የቆየው ይጠቁራል፣ ቶሎ የተሸፈነው ይነጣል። ከታተመ በኋላ ቀለም የሚቀቡ ሠራተኞች አንድ በአንድ በብሩሽ ያቀልሙታል። የሰማዩን ሰማያዊነት የወሰኑት እጆች የአክሱምን ሰማይ አላዩም። ያዩት የቴምዝን ነው። የትግራይ ክረምት ሲወጣ ያለውን ያንን የጠራ፣ ዓይን የሚወጋ ብርሃን የምታውቁ ሰዎች ሥዕሉን እዩት፤ ብርሃኑ ሌላ አገር ነው። ዛፉ፣ ርቀቱ፣ የምሽቱ ጥላ፣ ትንሹ ሰው፤ ሁሉም በክሎድ ሐረግ የመጡ ናቸው። ሐውልቱ የአክሱም ነው፤ አየሩ የሮም።

ከሥዕሉ ስለጠፉ ሰዎች ካነሳን ሠዓሊውም ራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ላንሳ። ብሩስ በ1769 ወደ አገራችን ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ወፎቹንና ዕፅዋቱን እንዲያ አሳምሮ የሣላቸው እሱ ነው። በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮ ሄደ፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያወጣ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ምንጩን ያየሁ አውሮፓዊ እኔ ነኝ ለማለት ሌላ አውሮፓዊ አጠገቡ መቆም አልነበረበትም። የባሉጋኒ ንድፎች ግን ተርፈው ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። ጎንደር አፈር የቀመሰ የሙያ ወንድማችን ነውና ስሙን በቃላችሁ ያዙልኝ፤ ሉዊጂ ባሉጋኒ።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ደቡብ አሜሪካ እንሻገር። ፍሬድሪክ ቸርች የተባለ አሜሪካዊ በ1853 እና በ1857 ኢኳዶርን ዞሮ ደብተር ሙሉ ንድፍ ይዞ ተመለሰና ኒው ዮርክ ስቱዲዮው ውስጥ ወደ 1.7 ሜትር ቁመት፣ ወደ 3 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሸራ ላይ በአንዲስ ተራሮች ስም «የአንዲስ ልብ» ያለውን ሥዕል ሣለ። በ1859 ለሕዝብ ሲታይ በመስኮት ቅርጽ በተሠራ ከባድ የእንጨት ክፈፍ ውስጥ መጋረጃ ተደርጎለት፣ በጋዝ መብራት ነበር። መግቢያው 25 ሳንቲም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 12,000 ያህል ሰው ከፍሎ ገባ። የቲያትር መነጽር ይዘው ቅጠል በቅጠል ይመረምሩት ነበር። እያንዳንዱ ቅጠል እውነት ነው፤ የዕፅዋት ሊቅ ይለየዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ግን ኢኳዶር ውስጥ የለም። በረዶ የለበሰው ተራራ፣ ፏፏቴው፣ የቆላው ጫካ ከየቦታው ተለቅመው የተሰፉ ናቸው። ቸርች ሥዕሉን የደቡብ አሜሪካን ምድር ለሳይንስ ወደገለጠው ወደ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ሊልከው አስቦ ነበር፤ ሽማግሌው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በርሊን ላይ አረፉ።

በዚያ ሁሉ ቅጠል መካከል በግራ በኩል አንዲት መስቀል አለች፤ ፊቷም ሁለት ሰዎች። በመነጽር ካልሆነ አይገኙም። እነዚህ ሁለቱ ለማን እንደሚጸልዩ ማወቅ እፈልግ ነበር። የመንገድ ዳር መስቀል የሚተከለው ነገር ሆኖ ነው፤ ሰው ወድቆ፣ ስለት ተስሎ። ለዚያ ሁሉ ተመልካች ግን የሥዕሉ ማጣፈጫ ከመሆን አላለፉም።

አሁን ወደ ሸዋ። በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ከታጁራ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ከጓዙ ጋር ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ውል ተፈረመ። በርናትስ የሣላቸውን በ1852 በድንጋይ ኅትመት 48 ሥዕል አድርጎ አወጣ፤ ገሚሱ የአፋር ቆላ፣ ገሚሱ የሸዋ ደጋ። እውነቱን ልናገር፤ እነዚህን ሥዕሎች እወዳቸዋለሁ። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን አንኮበርን በቀለም ያሳዩናል፤ ዛሬ እዚያ ኮረብታ ላይ የምናገኘው ፍርስራሽ ነው። የአያት ቅድመ አያቶቻችንን የሣር ክዳን ለማየት የጀርመናዊውን ገጽ መግለጥ ግድ ይለናል። ይህን ብድር መካድ ነውር ነው።

ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለውን የአሳል ሐይቅ ሥዕል ግን እዩት። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ ዳሩ ነጭ ጨው። ለመልእክተኞቹ በንዳድ የተቃጠሉበት የሞት ሸለቆ ነበር፤ ሥዕሉም ጽሑፉም ያንን ስሜት ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። የግመል ጎታቹ ከሥር እንደ ጉንዳን ነው። ያ አፋር ግን የሞት ሸለቆ ውስጥ አልነበረም፤ ጨው ጭኖ ወደ ሸዋ የሚወጣበት የሥራ ቦታው ነበር። ውሃው የት እንዳለ፣ የትኛው ነገድ የቱን ጉድጓድ እንደሚጠብቅ፣ በሌሊት በየትኛው ኮከብ እንደሚኬድ ያውቃል። ሃሪስና በርናትስ ሸዋ የደረሱት በዚያ ጉንዳን በሚያክል ሰው እውቀት ነው። ሰውየው በሥዕሉ ላይ ሲያንስ እውቀቱም አብሮ አነሰ፤ ምድሪቱ ባለቤት የሌላት፣ ደፋር ፈረንጅ ብቻ የሚሻገራት መሰለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃምሳ ዓመታት አውሮፓውያን የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲከፋፈሉ ባዶ መሬት ነው ለማለት ያልተቸገሩት ዓይናቸው አስቀድሞ ስለለመደ ይመስለኛል።

ይህ ያለፈ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ሰሜን ተራሮችን ላንሳ። ገደሉ፣ ጭላዳው፣ ጅብራው ያለበት ሥዕል በየሆቴሉ፣ በየአየር መንገዱ መጽሔት አለ። በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ፓርኩ ውስጥ ግን ጊች የምትባል መንደር ነበረች፤ ገብስ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት። ግጦሹ መሬቱን ጎድቶታል፣ ዋልያው ተጨንቋል ተብሎ በ2016 ነዋሪዎቿ ወደ ደባርቅ ተነሱ። የዋልያው ነገር እውነት ነው፤ እኔም ዋልያው ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ከተሠራጩት ፖስተሮች በስንቱ ላይ የገብስ ማሳ አያችሁ? የስንቱ ላይ ጢስ የሚወጣበት ጎጆ አለ? ክፈፉ ውስጥ ያልነበረ ሰው ተነሳ ሲባል የሚደነግጥለት አይበዛም።

የእኛ አባቶች በሌላ ዓይን ይስሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሱ ከዛፉ ይበልጣል፤ ተራራው ከእግሩ ሥር ነው። ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ይዞ፣ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ያየናል፤ ኃጥኡ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። የዐድዋን ጦርነት ሲስሉም ያው ነው፤ ሜዳው ትንሽ፣ ሰው ብዙ፣ ዓይኑ ሁሉ የተከፈተ። ፈረንጆቹ ርቀት አያውቁም ብለው ጻፉባቸው። ርቀት የሥዕላቸው ዓላማ አልነበረም። ሶልት በ1810 ሲመለስ ካመጣው ገጸ በረከት አንዱ የእመቤታችን ሥዕል ነበር፤ ራስ ወልደ ሥላሴ ላሠሯት የጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ሁለት ዓይነት አስተያየት በአንድ ቅጥር ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ያን ቀን የጨለቆት ሠዓሊ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ምን አለ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ።

የመጨረሻውን ነግሬያችሁ ላብቃ። ከጦርነቱ በፊት አክሱም ሄጄ ነበር። የዚህን ሥዕል ቅጂ ይዤ ሠዓሊው ቆሞበት ይሆናል ያልኩትን ቦታ ስፈልግ አንድ ሽማግሌ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ሰላም ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ረጅም ጊዜ ያዙት። ስለ ሐውልቱ የሚነግሩኝ መስሎኝ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከሥር አሳረፉና በትግርኛ «እዚኦም ደቂ መን እዮም?» አሉኝ። እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?

እኔም የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሠዓሊው ሊችፊልድ የሚባል ከተማ እንደተወለደ፣ በስንት ዓመቱ እንደመጣ፣ በየት እንደታተመ፣ በኋላም በግብፅ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እዚያው እንደሞተ። አቋርጠው አልተናገሩኝም፤ በትህትና እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ጣታቸው ገና ከትንሾቹ ሰዎች ላይ አልተነሳም ነበር፤ የጠየቁኝን እስክመልስላቸው እየጠበቁ ነበር።